የፊደል ተራ በማን እጅ ነው? ሊኑክስና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በአንድ የቋንቋ አጥኚ የዕለት ሥራ

1. መግቢያ

የአካባቢያችንን ቋንቋዎች የምናጠና ሰዎች የኮምፒውተርን ነገር ለሌላ ባለሙያ የተተወ ጉዳይ አድርገን እንቆጥረዋለን። መሣሪያው የጻፍነውን ካተመልን፣ የቀዳነውን ድምፅ ካሰማን ይበቃናል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የቃላት ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ለዶክትሬት ጥናቴ ከአንድ የጉራጌ አዛውንት የሰበሰብኋቸውን 1,400 ያህል ቃላት የያዘ ነበር። የጻፍሁት በዚያን ጊዜ በሰፊው ይሠራበት በነበረ፣ ነገር ግን ዩኒኮድን በማይከተል የግዕዝ ፎንት ነው። ከዓመታት በኋላ ፋይሉን በአዲስ ላፕቶፕ ስከፍተው በፊደሉ ምትክ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ወጣ። የመስክ ደብተሬ አስቀድሞ በዝናብ ርሶ ቀለሙ ፈስሶ ነበር፤ አዛውንቱም ዐርፈዋል። ከዚያ ሁሉ የመንደር ምሽት የቀረው ያ የማይነበብ ፋይል ብቻ ነበር።

ፋይሉን መልሼ ያነበብሁት በሊኑክስና በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። በዚህ ጽሑፍ የማስረዳው ግን የአንድ ፋይል መዳንን ብቻ አይደለም። ማንኛውም የጽሕፈት ሶፍትዌር ስለ ቋንቋ ውሳኔ ይዞ ይመጣል፤ የትኛው ፊደል ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የትኞቹ እንደ አንድ እንደሚቆጠሩ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ቅርጽ እንደሚያወጣ አስቀድሞ ተወስኗል። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለእኛ ሙያ የሚሰጠው ዋና ጥቅም ርካሽነቱ ሳይሆን፣ ይህን ውሳኔ በሚነበብና በሚታረም ጽሑፍ ማስቀመጡ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. «ነፃ» እና «በነፃ»

ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት በ1983 ይፋ አደረጉ። በ1991 ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለሕዝብ አቀረቡ። በጠባቡ ትርጉም ሊኑክስ የሥርዓተ ክወናው እምብርት ብቻ ነው፤ መሣሪያውን ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ማለት ነው። አንድሮይድ የተባለው የስልክ ሥርዓት የተሠራው በዚሁ እምብርት ላይ ስለሆነ፣ «ሊኑክስ ነክቼ አላውቅም» ከሚሉ ባልደረቦቻችን ብዙዎቹ ሳያውቁት በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ።

የሊኑክስ ሥርዓቶች በተለያየ ጥቅል ይዘጋጃሉ። ከታወቁት አንዱ፣ በ2004 መውጣት የጀመረው ኡቡንቱ፣ ስሙን የወሰደው ከዙሉና ከኮሳ ነው። የባንቱ ቋንቋዎችን የሚያጠና አንባቢ «ኡቡ» የተባለውን የረቂቅ ስም ቅድመ ቅጥያና «ንቱ» የተባለውን «ሰው» የሚል ግንድ ወዲያው ይለያል።

«ነፃ ሶፍትዌር» በሚለው ስያሜ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛው አንድ ቃል ዋጋ የማይጠየቅበትንም ነፃነት ያለውንም ስለሚያመለክት፣ ሐሳቡን ያመነጩት ሰዎች ልዩነቱን ደጋግመው ለማብራራት ተገደዋል። አማርኛ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። «ነፃ» ስንል ከግዳጅ የወጣውን፣ «በነፃ» ስንል ያለ ዋጋ የተሰጠውን እንገልጻለን፤ አንዲት መስተዋድድ ሁለቱን ፅንሰ ሐሳቦች ትለያቸዋለች። በነፃ የሚሰጥ ሁሉ ነፃ አይደለም። ሶፍትዌር ነፃ የሚባለው ለተጠቃሚው አራት መብቶች ሲሰጥ ነው፤ ለፈለገው ዓላማ እንዲሠራበት፣ አሠራሩን እንዲያጠናና እንዲለውጠው፣ ቅጂውን ለሌላ እንዲሰጥ፣ የለወጠውንም እንዲያሰራጭ። ሁለተኛውና አራተኛው መብት የቋንቋ አጥኚን በቀጥታ ይመለከቱታል።

3. የጠፋው ፋይልና የቁጥር ሰንጠረዥ

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም የራሱን ቁጥሮች እስኪያገኝና የዕለት ሶፍትዌሮችም እስኪቀበሏቸው ድረስ፣ ፎንት ሠሪዎች ለላቲን ምልክቶች በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ቅርጾችን ይሥሉ ነበር። አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከ256 ያልበለጠ ቦታ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲታከሉ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ፊደሉ ብዙ ጊዜ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ይከፋፈል ነበር።

የዚህ ውጤት ከባድ ነው። አንድ ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት ለምሳሌ «ሰ»ን፣ በሁለተኛው ደግሞ «ቋ»ን ሊወክል ይችላል። የፎንቱ ስም ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የትርጉሙ አካል ይሆናል ማለት ነው። ፎንቱ ከጠፋ ቃሉ ይጠፋል፤ ጽሑፉ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከተገለበጠ ደግሞ የፎንቱ ስም ስለሚወድቅ የትኛው ቁጥር የየትኛው ፊደል እንደነበረ ለመለየት ያስቸግራል።

የእኔ ፋይል የፎንቶቹን ስም አልጣለም ነበር። በሊብሬኦፊስ ከፍቼ በክፍት የሰነድ ቅርጽ አስቀመጥሁት። ይህ ቅርጽ በውስጡ ሲታይ የታመቀ ጥቅል ሆኖ፣ ሲፈታ በዓይን የሚነበብ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ የቃል ቁራጭም የፎንቱ ስም ወደተጻፈበት የአጻጻፍ ስልት ይጠቁማል። ከዚያ በኋላ ሥራው የትዕግሥት ነበር። ከአሮጌ የመመረቂያ ጽሑፌ ኅትመት ጋር እያስተያየሁ «ይህ ፎንት፣ ይህ ቁጥር፣ ይህ ፊደል» የሚል ሰንጠረዥ በእጄ ሞላሁ። በፓይተን የተጻፈች አጭር ፕሮግራም ሰንጠረዡን እያነበበች ዝርዝሩን ወደ ዩኒኮድ መለሰችው። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሠራሁ። በመጨረሻ የአዛውንቱ ቃላት አንድ በአንድ በስክሪኑ ላይ ሲወጡ ድምፃቸውን የሰማሁ መሰለኝ።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያሉ ፋይሎች በመሳቢያ ውስጥ በቀሩ ዲስኮች ላይ አሉን። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የፎንቶቹ ስም ገና ከፋይሉ ጋር ሳለ መለወጡ ይሻላል።

4. የቁልፍ ሰሌዳ እንደ ሰዋስው

በሊኑክስ ላይ ግዕዝን ለመጻፍ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ አይባስ የተባለው የጽሕፈት አስተናጋጅ ነው፤ የቁልፍ ደንቦቹን ኤም-17-ኤን ከተባለ የደንቦች ስብስብ ያገኛል። በስብስቡ ውስጥ ሴራ የተባለውን የላቲን አጻጻፍ የሚከተል ደንብ አለ። ስሙ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ስለሆነ፣ በአማርኛ «ዱለት»፣ በኦሮምኛ «ሕግ» ከሚሉት ቃላት ጋር ዝምድና የለውም። ተነባቢው ብቻውን ሲጻፍ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢ ሲከተለው ወደ ሌላው ቅርጽ ይለወጣል። ይህ አሠራር ፊደሉን ከሙሉ ቅርጽ የሚጀምር ሳይሆን ተነባቢንና አናባቢን የሚያጣምር አድርጎ ይመለከተዋል። በደንቡ ውስጥ የቋንቋ ትንታኔ ተቀምጧል ማለት ይቻላል።

ደንቡ ራሱ የተጻፈው በተራ ጽሑፍ ነው፤ በግራ የሚመቱት ቁልፎች፣ በቀኝ የሚወጣው ፊደል ይታያል። ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉት ከንፈራዊ ፊደላት በ2005 በወጣው የዩኒኮድ 4.1 እትም ቁጥር አግኝተዋል። እነዚህ ከ«መ»፣ «በ»፣ «ፈ» እና «ፐ» የሚወጡ 16 ቅርጾች ሲሆኑ፣ የ«መ» ቤተሰቦች ᎀ፣ ᎁ፣ ᎂ እና ᎃ ናቸው። አምስተኛው አባል «ሟ» አስቀድሞ በዋናው ክፍል ስለነበረ እዚያው ቀርቷል። እኔ እሠራበት በነበረው ሰሌዳ ላይ 16ቱ አልተካተቱም። የደንቡን ፋይል ወደ ራሴ ማኅደር ገልብጬ 16 መስመር ጨመርሁ፤ ከምሳ በፊት ጀምሬ ከምሳ በኋላ እየጻፍሁባቸው ነበር።

ፋይሉን በፍላሽ ለሁለት ተማሪዎች ሰጠኋቸው። ከእነርሱ አንዷ «ለምን ከንፈራዊነቱን ከአናባቢው በፊት እንመታዋለን? እኔ የምሰማው ከተነባቢው ጋር አብሮ ነው» ብላ ጠየቀችኝ፤ በማግሥቱም እንደምትሰማው አስተካክላ መለሰችልኝ። በተዘጋ ሶፍትዌር ጥያቄዋ በጥያቄነቱ ይቀር ነበር። እዚህ ግን የድምፅ ትንታኔዋ የቁልፍ ሰሌዳ ሆነ።

5. 15 ቃላት እንዴት ጠፉ?

ዝርዝሩ ወደ ዩኒኮድ ከተመለሰ በኋላ በፊደል ተራ ልደረድረው ፈለግሁ። ሶርት የተባለችው ትእዛዝ ይህን በቅጽበት ትሠራለች፤ ተደጋጋሚ መስመሮችንም እንድታስወግድ ማዘዝ ይቻላል። በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይህን አደረግሁ። 1,412 መስመር የነበረው ዝርዝር 1,397 ሆነ። ድግግሞሽ መሆኑን አምኜ ልተወው ስል፣ አዛውንቱ ሁለት ጊዜ እየደጋገሙ ያስረዱኝ አንድ ቃል በቦታው እንደሌለ አስተዋልሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። መደርደሪያው በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ ፊደላትን በዩኒኮድ ቁጥራቸው ብቻ ያነጻጽራል። በሁለተኛው መንገድ የየቋንቋውን ደንብ የያዘ የተለየ ሰንጠረዥ ይከተላል፤ በሰንጠረዡም ለእያንዳንዱ ፊደል የተራ ክብደት ይሰጠዋል። የዚያ አሮጌ መሣሪያ ሰንጠረዥ ለከንፈራዊዎቹ ፊደላት ክብደት አልሰጠም ነበር። ክብደት የሌለው ፊደል ለመደርደሪያው እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ አንደኛው ᎀ፣ ሌላኛው ᎄ ያለባቸውና በቀሩት ፊደላት የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት አንድ ቃል መስለው አንዱ ተጣለ። ፎነሚክ ልዩነት በአንድ የሰንጠረዥ ክፍተት ተሰረዘ።

በመጀመሪያው መንገድ ስደረድረው ቃላቱ ሁሉ ተመለሱ፤ ሌላ ችግር ግን ተከሰተ። ዋናው የግዕዝ ክፍል በዩኒኮድ የሚጀምረው በ1200 ሲሆን ከንፈራዊዎቹ የሚጀምሩት በ1380 ነው። በመሆኑም በᎀ የሚጀምሩት ቃላት ከ«መ» ቤተሰብ ተነጥለው ከ«ፐ» ቤት ሁሉ በኋላ መጡ። ቁጥሩ ፊደሉ ወደ ሰንጠረዡ የገባበትን ቅደም ተከተል እንጂ የቋንቋውን ሥርዓት አይናገርም። መዝገበ ቃላት በዚህ ተራ ቢታተም ተናጋሪው ቃሉን በሚፈልግበት ቦታ አያገኘውም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። የምፈልገውን የፊደል ተራ በአንድ ፋይል ላይ በአንድ መስመር አንድ ፊደል እያደረግሁ ጻፍሁ፤ ፕሮግራሟም ዝርዝሩን በዚያ ተራ ደረደረችው። ይህን ተራ ስጽፍ ግን ከዚህ በፊት ቆም ብዬ ያላሰብሁት ጥያቄ ገጠመኝ። ᎀ ከ«ሟ» በፊት ነው በኋላ? ወይስ ከንፈራዊዎቹ ሁሉ የራሳቸው ቤት ይኑራቸው? መልሱ የሥነ ድምፅና የሥነ ጽሕፈት ውሳኔ ነው። እኛ ካልወሰንነው ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ቋንቋውን የማያውቅ ሰው፣ ወስኖልናል።

ይህን አስቀድመው ያሰቡ ሰዎች መኖራቸውን መመስከር ይገባል። በግኑ ሥርዓት የቋንቋ ደንብ ፋይሎች መካከል የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛ፣ የአፋርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛ፣ የብሊንና የትግረ ይገኛሉ። ትግርኛ ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ለየብቻ ተዘጋጅቷል፤ ሳሆም የራሱ ፋይል አለው። ለግዕዝ ቋንቋ ደግሞ ከሀለሐመው ተራ ሌላ በአበገደ ተራ የሚደረደርበት ፋይል ሳይቀር ተሰናድቶለታል። እነዚህን ፋይሎች ማንም ከፍቶ ሊያነብባቸው፣ ስሕተት ቢያገኝም እርማት ሊልክ ይችላል።

6. ሞክሼ ፊደላትና ፍለጋ

በትልቅ የጽሑፍ ክምችት ውስጥ «ፀሐይ»ን የሚፈልግ ሰው «ጸሀይ»፣ «ፀሃይ» እና «ጸሓይ» ተብለው የተጻፉትን አያገኝም። ግሬፕ በተባለችው የፍለጋ ትእዛዝ ግን [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብሎ መጻፍ ይበቃል። በቅንፍ ውስጥ ያሉት አማራጮች ናቸው፤ ይህች አንዲት መስመር 12 አጻጻፎችን ታጠቃልላለች። ይህን ያወቀ አጥኚ በአንድ ከሰዓት የልዩ ልዩ ጸሐፊዎችን የአጻጻፍ ልማድ ማነጻጸር ይችላል።

አደጋው የሚመጣው ይህ ማዋሐድ ሳይነገረን ሲደረግ ነው። አማርኛን የሚያዘጋጁ ብዙ ፕሮግራሞች ሞክሼዎችን አስቀድመው ወደ አንድ ይለውጣሉ። ለዘመናዊ አማርኛ ፍለጋ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በግዕዝ ጽሑፍ ላይ ግን «ሰአለ» ማለት ለመነ፣ «ሠዐለ» ማለት ሥዕል ሣለ ነው፤ ሲዋሐዱ ልመናው ሥዕል ይሆናል። በትግርኛ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» በንግግርም የሚለዩ ድምፆች ናቸው። ለአማርኛ የተሠራ ማዋሐጃ በትግርኛ ጽሑፍ ላይ ቢውል የቋንቋውን ድምፆች ይሰርዛል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ግን የተስተካከለ የሚመስል ውጤት ነው። ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃላት እንዲተነትን ያዘጋጁትን ሆርንሞርፎን የመሰለ ክፍት መሣሪያ ሲሆን ግን፣ ፊደላትን እንዴት እንደሚያስተናግድ ገብቶ መመርመር ይቻላል። በጥናታችን ውስጥ የመረጃ አሰባሰባችንን እንደምንገልጽ ሁሉ፣ መሣሪያው በመረጃው ላይ ያደረገውንም ለመግለጽ የምንችለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ፊደሉ የማያሳየውን መጥበቅና መላላትን በተመለከተም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። የሁለቱን ርዝመት የምለካበት ፕራት፣ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፓውል ቡርስማና ዳቪድ ዌኒንክ ያዘጋጁት ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ምልክቶቹንም በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ሶፍትዌሩ አንድ ቀን ባይኖር እንኳ ልኬቱ በዓይን ይነበባል። ያንን የጠፋ ፋይል ለመመለስ ሦስት ሳምንት የፈጀ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

7. እንከኖቹ

የሚያማልል ሥዕል ብቻ ሥዬ ብሄድ አንባቢዬን እበድላለሁ። ሊኑክስን በላፕቶፔ ላይ በጫንሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ገመድ አልባው ኢንተርኔት አልሠራም፤ ስልኬን በገመድ እያገናኘሁ ነው የጎደለውን ያወረድሁት። በሊብሬኦፊስ ያዘጋጀሁት ሰነድ በሌላ ሶፍትዌር ሲከፈት ሠንጠረዦቹ ተዛብተው ከአንድ አዘጋጅ ተመልሶልኛል። በ2021 ወደ ዩኒኮድ 14.0 የገቡት ተጨማሪ የጉራጌ ፊደላት ደግሞ ባልታደሰ ፎንት ላይ ባዶ ሣጥን ሆነው ይታያሉ። እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉ ክፍት ፎንቶችን ማደስ በነፃ ቢሆንም፣ ማደስ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ግን የተጠቃሚው ፈንታ ነው።

በሌላ በኩል፣ ብዙ ዓመት ያገለገለና ሊጣል የነበረ ላፕቶፕ በቀላል የሊኑክስ ጥቅል ተነሥቶ የተማሪዎች መገልገያ ሲሆን አይቻለሁ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ሥርዓቱን በአንድ ፍላሽ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ማዳረስ ይቻላል፤ ይህም ፈቃዱ ራሱ የሚሰጠው መብት እንጂ ስርቆት አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው እንከን ግን የእኛው ነው። የቋንቋ ደንብ ፋይሎቹን ያዘጋጁት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስሕተቱን የሚያውቅ ሰው ካልተናገረ ስሕተቱ ከእትም ወደ እትም ይሻገራል። ክፍትነት ራሱ አያርምም፤ ለማረም በሩን ክፍት ይተዋል እንጂ።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ ልምድ የወጡ አራት ምክሮችን ለባልደረቦቼ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የመስክ መረጃን በዩኒኮድና በተራ የጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከማንኛውም ድርደራና ማጣራት በፊትና በኋላ መስመሮችን መቁጠር። ሦስተኛ፣ የምንከተለውን የፊደል ተራና ያዋሐድናቸውን ፊደላት በአንድ ገጽ ጽፎ ከመረጃው ጋር ማኖር። አራተኛ፣ በቁልፍ ሰሌዳ ወይም በቋንቋ ደንብ ላይ ያገኘነውን ስሕተት ለራሳችን ብቻ አርመን ሳንተወው ለአዘጋጆቹ መላክ።

የፊደል ተራ የማንም ካልሆነ የፕሮግራም ጸሐፊው ይሆናል። የቃላቱ ዝርዝር ዛሬ 1,412 መስመር ነው፤ 15ቱም በየቤታቸው ገብተዋል፣ በᎀ የሚጀምሩትም ከ«መ» ጎረቤት ተመልሰዋል። አንድ ቅጂ አትሜ ለአዛውንቱ ልጆች ሰጥቻለሁ።